የወንድማችን ድርሻ በጎተራችን

ንባብ፦ ዘፍጥረት 41፥46-57፤ የሐዋርያት ሥራ 11፥27-30፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥16-21

ስለ ዮሴፍ ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ሕልሙን፣ ቀሚሱን፣ የወንድሞቹን ቅናትና እስር ቤቱን ነው። ስለ መጋዘኑ ግን ብዙ ስብከት አንሰማም። ቃሉ እንደሚነግረን ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን እህል ሰበሰበ፤ በየከተማውም ዙሪያ የበቀለውን በዚያው ከተማ አኖረ። ራብ ሲመጣ ሕዝቡ የሚበላው በየደጁ ተገኘ። የአንጾኪያ ምዕመናንም ትንቢቱን እንደ ሰሙ፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ወደ ይሁዳ ላኩ። ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ሦስት ነገር እንማራለን፦ እህሉ አስቀድሞ ይቀመጣል፣ ለተራበው ሰው ቅርብ ይሆናል፣ በታመነ እጅም ይተላለፋል። የአገራችንን ታሪክ በእነዚህ ሦስቱ ብንመዝነው ብዙ ያስተምረናል።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን እናስብ። የደስታ በሽታ ከብቱን ጨረሰው፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው ያህል እንዳለቀ ይገመታል። ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው እንዳበሉና ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይተረካል። መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን የአንድ ቤተ መንግሥት ጎተራ ለአገር አይበቃም፤ በሩቅ ያለው ገበሬም አይደርስበትም።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ዛሬ አውቶቡሶች ከላምበረት መናኸሪያ ተነሥተው በኮተቤ፣ በሰንዳፋና በደብረ ብርሃን አድርገው ወደ ደሴ ይወጣሉ። ያን ጊዜ በዚያው በሰሜን መንገድ ዳር ረሃብተኞች የሚያልፈውን መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ጉዞ የጀመሩ ገበሬዎችም በፖሊስ እንዲመለሱ ተደረጉ። ከተማይቱ ትበላ ነበር፤ ገጠሩ ይሞት ነበር። የተራበውን ሰው ከሚበላው የለየው የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ልካ ነበር። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው አሳብ ወንጌልን መስበክና ሰውን ከችግሩ ማንሣት ሊነጣጠሉ አይገባም የሚል ነው፤ ሰው ሥጋና ነፍስ ሆኖ ተፈጥሯልና በሁለንተናው ይገለገል። ዛሬ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የምንለው ትምህርት በአገራችን ሥር የሰደደው በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ትምህርታቸው ግን አልተቀበረም።

የወሎ ረሃብ ሲታወቅ አብያተ ክርስቲያናትና የሚስዮን ድርጅቶች እርዳታቸውን አንድ ላይ ለማስተባበር ተሰባሰቡ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲሲአርዲኤ የምንለው የክርስቲያናዊ ድርጅቶች ኅብረት መነሻው ይህ ነው። መንግሥትም በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የአደጋ ጊዜ የምግብ ዋስትና መጠባበቂያ ክምችት ተመሠረተ። ይህ በእውነት የእህል ባንክ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት የተሰጠው ስንዴ ገና በባሕር ላይ ሳለ ከመጠባበቂያው ይበደራል፤ እህሉ ሲገባ በዓይነት ይመልሳል። መርከብ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ የተራበ ሕፃን ግን ወራት አይጠብቅም። ስለዚህም መጋዘኖቹ በአንድ ቦታ አልተከማቹም፤ ከጊዜ በኋላ በአዳማ፣ በኮምቦልቻ፣ በመቀሌ፣ በድሬዳዋ፣ በሻሸመኔ፣ በወላይታ ሶዶና በወረታ ተዘረጉ። የዮሴፍን አሠራር አስታወሳችሁ?

ነገር ግን የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ክምችቱ ገና የሚፈለገውን ያህል አልሞላም ነበር። መስከረም ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር ወሎና ትግራይ እየረገፉ ነበር። እዚህ ላይ እኛ ወንጌላውያን ልንረሳው የማይገባን ነገር አለ። በዚያ ዘመን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ ነበር፤ በምዕራብና በደቡብም የመካነ ኢየሱስና የቃለ ሕይወት ብዙ አጥቢያዎች ታሽገው ነበር። ምዕመናን በየቤቱ ተሸሽገው ይጸልዩ ነበር። ሆኖም ያችው የተሰደደች ቤተ ክርስቲያን ስንዴ ታከፋፍል ነበር። መካነ ኢየሱስ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር ሆና በድርቁ ለተጎዱት እህል አደረሰች። ጸሎት ቤታችንን ዘግታችኋልና እኛም መጋዘናችንን እንዘጋለን አላለችም።

በ1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕብያ እጅ ስትወድቅ የሰሜኑ የእህል መግቢያ ተዘጋ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና መካነ ኢየሱስ ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር በመተባበር በደሴ በኩል የጦር ግንባሩን የሚያቋርጥ መንገድ አስከፈቱ። ሁለት ሠራዊት በሚዋጋበት መካከል የእህል መኪናዎች ወደ ትግራይ አለፉ። በትምህርት የማይስማሙ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ኩንታል ስንዴ ተስማሙ። ተዋጊዎቹም ያሳለፏቸው፣ እህሉ ለተራበ እንጂ ለወታደር እንዳልሆነ ስላመኑ ነው። የታመነ እጅ ማለት ይህ ነው።

መታመን ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በቅርቡ አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ለተረጂ የመጣ እህል ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው ተብሎ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ማከፋፈል አቆሙ። እንደገና እስኪጀመር ወራት አለፉ። እህሉን የሸጠው ጠግቦ አደረ፤ የተቀጣው ግን በሩቅ ቀበሌ ካርዱን ይዞ የሚጠብቀው ሰው ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን መዋጮ ብቻውን ሊሸከም ያልፈለገው፣ ከወንድሞች ጋር አብሮ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ንጹሕ ሆኖ ሊያደርስ የጠነቀቀው ለዚህ ነበር። የእርዳታ መዝገብ መያዝ መንፈሳዊ ሥራ ነው።

ረሃብ የገጠር ብቻ እንዳልሆነም ተምረናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኘው የከተማ ሰው ተቸገረ። የአዲስ አበባ አስተዳደር የምግብ ባንክ አቋቁሞ ዱቄት፣ ዘይትና ፓስታ ከነዋሪው ሰበሰበ፤ «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ቃልም በየሰፈሩ ተለመደ። ጾምና ፋሲካ፣ ረመዳንም በዚያ ወቅት ተገናኝተው ነበርና ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት አብሮ ሰጠ።

እንግዲህ እኛ በላምበረትና በዙሪያዋ የምንኖር አማኞች ምን እናድርግ? ሦስቱን ነገሮች እንያዝ። አስቀድመን እናስቀምጥ፦ የአጥቢያችን የምግባረ ሠናይ ክፍል ለበዓል ሰሞን ብቻ የሚሠራ አይሁን፤ መከር ገብቶ እህል በሚረክስበት ጊዜ ገዝቶ ለክረምት ያኑር። ቅርብ እንሁን፦ በግቢያችን ጀርባ በቀን ሥራ የምታድረው እናት ስሟን እንወቀው፤ ከሰሜን መጥቶ መናኸሪያው ደጅ የሚያድረውንም አንለፈው። የታመንን እንሁን፦ የገባውና የወጣው በሁለትና በሦስት ሰው ፊርማ ይመዝገብ፤ ለምዕመናንም ይነበብ።

ጌታችን ተርቦ ያያችሁት መቼ ነው ብለን እንድንጠይቀው አይፈልግም። የት እንዳለ አስቀድሞ ነግሮናል። በጎተራችን ውስጥ የወንድማችን ድርሻ አለ፤ በእኛ ዘንድ በአደራ የተቀመጠ እንጂ የእኛ አይደለም።

አባት ሆይ፣ በጥጋብ ጊዜ የሚያስብ ልብ፣ በራብ ጊዜ የሚዘረጋ እጅ፣ ሁልጊዜም ንጹሕ መዝገብ ስጠን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።