ሳይቃጠል በቅጠል፦ የ26 ጁን ሰፈር መንገድና የእኛ ድርሻ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ሰፈራችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ሲጠይቁን ብዙ አሰብን። ስለ ዕድራችን፣ ስለ በዓላቱና ስለ ሠርጉ ሌሎች ወገኖቻችን እንደሚጽፉ ስለምናውቅ፣ እኛ ነጋዴዎቹ ከሱቃችን ደጃፍ ሆነን በየቀኑ የምናየውን ነገር መረጥን። እርሱም መንገዱ ነው። ቆሻሻ፣ ጩኸት፣ ሌባና እሳት ሰፈሩን ሲያስቸግሩ ማዘጋጃ ቤቱ ምን አደረገ? እኛስ ምን አደረግን? የሚለውን እንደ አቅማችን ጽፈናል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በአገራችን አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው ሰፈራችን 26 ጁን የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሶማሌላንድ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም በፈረንጆቹ ጁን 26 ቀን 1960 መሆኑ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች። በ1980 ዓ.ም. ግን በተነሣው ጦርነት የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን ከአየርም ከምድርም ደበደባት፤ ከተማዋም አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። ነዋሪው ሸሽቶ የገባው ወደ እኛው አገር ነበር። በጅግጅጋ አካባቢ የነበረው ሐርትሼክ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር። ከደንበኞቻችን መካከል ልጅነቱን እዚያ ያሳለፈ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ እንግድነት የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው።

ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ራሷን ችላ መቆሟን ካወጀች በኋላ ሕዝቡ ወደ ፍርስራሹ ተመለሰ። ሁሉም ያገኘውን ድንጋይና ቆርቆሮ እየለቀመ ባገኘበት ቦታ ቤቱን አቆመ። ቤቱ ቀደመ፣ መንገዱ ተከተለ። የዛሬው የጠባቡ መንገድ ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ቢሆን እንደ ሕዝቡ ሁሉ ከባዶ የጀመረ ነበር።

እኛ ደግሞ ከሌላ ልማድ ነው የመጣነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለን ሰዎች ያደግነው በቀበሌ ነው። ቀበሌ የተቋቋመው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲሆን፣ ጎረቤት ከጎረቤት ቢጣላ፣ ፍሳሽ ቢፈስስ፣ ሌባ ቢገባ ሰው የሚሮጠው ወደዚያው ነበር። በደርግ ዘመን ቀበሌ የራሱ ጠባቂና እስር ቤት እንደነበረውም አንዘነጋም። መልካምም ይሁን ክፉ፣ በሩ የታወቀ ነበር።

ሐርጌሳ ስንገባ ያንን በር ፈለግን፣ አላገኘነውም። ቀስ በቀስ ግን መንገዱን ተማርነው። ችግር ሲገጥም መጀመሪያ የቤት አከራይ ነው የሚነገረው። ከዚያ የሰፈር ሽማግሌዎችና አቂሉ አሉ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ግንባታ፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ መንገድ ከሆነ ደግሞ የከተማው ሰው «ደውላዳ ሆሴ» ወደሚለው ይኬዳል። ትርጉሙ «የታችኛው መንግሥት» ማለት ሲሆን ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

ይህ የታችኛው መንግሥት በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት ያገኘው በፈረንጆቹ 2002 በወጣው የክልሎችና ወረዳዎች ሕግ ቁጥር 23 መሠረት ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ታኅሣሥ 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ተደረገ። ከንቲባውን የሚመርጡት የምክር ቤቱ አባላት ከመካከላቸው ነው። ይሁን እንጂ ለአምስት ዓመት የተመረጠው ያ ምክር ቤት እስከ ኅዳር 2005 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ሁለተኛውም እስከ ግንቦት 2013 ዓ.ም. ዘለቀ። ምርጫ በዘገየ ቁጥር አቤቱታም አብሮ ይዘገያል። እኛ የውጭ ዜጎች ደግሞ ግብር እንከፍላለን እንጂ ድምፅ የለንም። ስለዚህ የእኛ አቤቱታ በአብዛኛው የሚሄደው በአከራያችን አፍ ነው።

ሆኖም ያለ ድምፅም የሚሠራ ነገር አለ። መብራት በየሰፈሩ ከግል ጀኔሬተር በሚገኝበት ዘመን ከአንድ ሱቅ ጀርባ ሌሊቱን ሁሉ የሚያጓራ ጀኔሬተር ነበር። ሕፃናት አይተኙም፣ በሽተኛ አያርፍም። ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዲጠፋ ተስማማን። ወረቀት አልተጻፈም፤ ቃሉ ግን ተጠበቀ።

በተቃራኒው ወረቀት ተጽፎ ያልተጠበቀም አለ። በየእሾሁ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ «የሐርጌሳ አበባ» እየተባለ ይቀለድበት የነበረው የፌስታል ከረጢት ከየካቲት 22 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተከለከለ። ከረጢቱ ግን ተመልሶ መጣ። እውነቱን እንናገር ካልን ደንበኛ ሲጠይቅ ከጠረጴዛ ሥር አውጥተን የሰጠነው እኛው ባለሱቆቹ ነን። ዝናብ በመጣ ጊዜ ያ ከረጢት ቦዩን ደፍኖ ውኃውን ወደ ደጃፋችን ሲመልሰው ግን ማዘጋጃ ቤቱን እንወቅስ ነበር።

የጸጥታውን ነገር ስናነሣ ጥቅምት 19 ቀን 2001 ዓ.ም. አይረሳም። በዚያን ዕለት ፈንጂ የጫኑ መኪኖች ቤተ መንግሥቱን፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ቢሮንና የኢትዮጵያን ጽሕፈት ቤት መቱ። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሰው በየሰፈሩ የሚጠየቅበት ዘመን መጣ። በ2003 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ደግሞ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ዜጎች በአንድ ወር ውስጥ እንዲወጡ አስታወቀ። አብዛኞቹ የእኛ ወገኖች ነበሩ። አገር ድንበሩን የመጠበቅ መብት አለው፣ አንከራከርም። ነገር ግን ከመካከላችን ተሰርቆ ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ የፈራ ሰው ነበረ። የተሰረቀ ሰው ዝም ሲል ሌባው ነገ የጎረቤቱን በር ይሰብራል። ፍርሃት ያለበት ሰፈር ለባለአገሩም ደኅና አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ሱቅ ሲጠብብ ዕቃ ወደ ደጅ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ጆንያ ሩዝ ነው፤ ቀጥሎ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ሸራ፣ ሸራው እንዳይወድቅ ደግሞ ቋሚ። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤትም «እርሱ ካወጣ እኔስ?» ብሎ ያወጣል። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ወደ ውስጥ አስገቡ ብለው ሲያስጠነቅቁን «እሺ» እንላለን፤ ለሳምንት እናስገባለን፤ ከዚያ ሸራው ቀስ እያለ ይመለሳል። ይህን ለዓመታት አድርገነዋል። ደንብ አስከባሪውን እንደ ጠላት፣ ያመለጠውንም ነጋዴ እንደ ብልጥ እናይ ነበር።

ዓርብ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት የዋሂን ገበያ ተቃጠለ። የረመዳን ጾም መግቢያ ስለነበር ነጋዴው ያለውን ሁሉ ለዕቃ አውጥቶ መደርደሪያውን የሞላበት ጊዜ ነው። እሳቱ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ነደደ። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ የአላህ ቸርነት ነው ተባለ፤ የተጎዱ ሰዎች ግን ነበሩ። የሐርጌሳ ልብ የነበረው ገበያ ወደ አመድ ተለወጠ፤ ባንክ ያላስቀመጡ፣ ኢንሹራንስ የማያውቁ ሰዎች በአንድ ሌሊት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የእሳት አደጋ መኪኖች መጥተዋል። ነገር ግን በመደብሮቹና በመንገድ ላይ በተደረደሩት ጠረጴዛዎች መካከል ወደ እሳቱ መድረስ እጅግ ተቸገሩ። ባለሥልጣናቱም ገበያው መጨናነቁንና መተላለፊያ ማጣቱን በግልጽ ተናገሩ።

ይህ የሐርጌሳ ብቻ ችግር አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የሰማነው ወሬ ያው ነበር፤ መንገዱ ጠቦ መኪናው አልገባም። የትም ቦታ ቢሆን ነጋዴ አንድ ዓይነት ነው።

ከዋሂን ቃጠሎ በኋላ በነበረው ሳምንት ጥቂት ባለሱቆች፣ ሀበሻውም ሶማሌውም፣ ገመድ ይዘን የራሳችንን መተላለፊያ ለካን። የእሳት አደጋ መኪና ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። የእኛ መንገድ ከሸራ እስከ ሸራ ሁለት ሜትር አልሞላም። ማንም አልተናገረም። ከመካከላችን አንዱ ሄዶ የራሱን ቋሚ መንቀል ጀመረ፤ ሌሎቻችንም ተከተልን። ከዚያ ቀለም ገዝተን በግራና በቀኝ መሬቱ ላይ መስመር አሰመርን። «ከዚህ ወዲህ ዕቃ አይወጣም» ተባባልን። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በመጡ ጊዜ መስመሩን አይተው «ማን አሰመረው?» አሉ። እኛው ነን አልናቸው። እነርሱን ለመሸሽ ሸራ ያልጠቀለልንበት የመጀመሪያ ቀን ይኸው ነበር።

ይህን የጻፍነው ለመመስገን አይደለም። ያ ቀለም ዛሬ ደብዝዟል። በአንዳንድ ቦታ ጆንያው እንደገና ብቅ ብሏል፤ የእኛም ጭምር። ማዘጋጃ ቤት ሕግ ያወጣል፣ ያስጠነቅቃል፣ ይቀጣል። ከማለዳ እስከ ምሽት መንገዱ ላይ የምንውለው ግን እኛ ነን። ድምፅ ባይኖረንም ደጃፍ አለን። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ለኢዮቤልዩው ከሚያዘጋጀው ድግስ ጎን አንድ ነገር እንለምናለን። ከበዓሉ በፊት ባለው ዓርብ፣ ሱቅ በሚዘጋበት ሰዓት፣ ከሶማሌ ጎረቤቶቻችን ጋር ወጥተን ያንን መስመር እንደገና እናስምር። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ቀለሙን እኛ ነጋዴዎቹ እንችላለን።

መልካም በዓል ይሁንልን።