ቤት ከመሸጥዎ በፊት ጠበቃ ማማከር የሚያስፈልገው መቼ ነው? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚገኙ ባለይዞታዎች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት የሚሸጡ ዜጎች ቁጥር ቀላል አይደለም። አንዳንዶች ለልጆቻቸው ትምህርት ወይም ለሕክምና ገንዘብ ለማግኘት፣ አንዳንዶች ውርስ ለመከፋፈል፣ ሌሎች ደግሞ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ቤታቸውን ይሸጣሉ። ቤት ለብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት እንደመሆኑ መጠን፣ በሽያጭ ሂደት የሚፈጠር አንድ ስሕተት ቤቱንም ገንዘቡንም ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ቤት ሻጮች የጠበቃ ምክር የሚያስፈልጋቸው በየትኛው ደረጃና በምን ሁኔታ እንደሆነ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

በአገራችን ሕግ ቤት ለመሸጥ ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ሻጭና ገዥ ራሳቸው ተስማምተው፣ ውላቸውን በጽሑፍ አድርገውና ሥልጣን ባለው አካል ፊት አረጋግጠው ሽያጩን መፈጸም ይችላሉ። ሆኖም ውል የሚያረጋግጠው አካል ዋና ተግባር የተዋዋዮችን ማንነት፣ ችሎታና ሥልጣን እንዲሁም ሰነዱ ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ አለመሆኑን ማየት ነው። የሻጩን ጥቅም ለይቶ የሚጠብቅ ወገን አይደለም። ደላላም ቢሆን ገዥና ሻጭን ያገናኛል እንጂ የሕግ ምክር የመስጠት ኃላፊነት የለበትም። ጠበቃ የሚያስፈልገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ሻጩ በመጀመሪያ ሊያውቃቸው የሚገቡ የሕግ መሠረቶች

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የተገነባው ቤትና ሕግ እንዲተላለፍ የፈቀደው የመጠቀም መብት ነው። በመሆኑም ባዶ ቦታን ወይም የእርሻ ይዞታን «በቤት ሽያጭ» ስም ማስተላለፍ የሕግ ጥበቃ አያገኝም።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና፣ ቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋሉ። ስለሆነም በመንደር ሽማግሌዎች ፊት ብቻ የተፈረመ ወረቀት ለክርክር በር ከፋች ነው።

ዋናው መልስ፦ ቀብድ ከመቀበል በፊት

ብዙ ሻጮች ጠበቃ የሚፈልጉት ክስ ከደረሳቸው በኋላ ነው። ትክክለኛው ጊዜ ግን ቀብድ ከመቀበል በፊት ያለው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ስለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮች በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ቢተው ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል (ቁጥር 1885)።

ለምሳሌ አንድ ሻጭ 300,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ለአባቱ ሕክምና አዋለው እንበል። ከሳምንት በኋላ ካርታው አሁንም በሟች እናቱ ስም እንደሆነና እህቱ ሽያጩን እንደማትስማማበት ያውቃል። ውሉን መፈጸም አይችልም፤ ገንዘቡም ከእጁ ወጥቷል። ገዥው በሕጉ መሠረት 600,000 ብር ሊጠይቀው ይችላል። ይህ ሻጭ ከቀብዱ በፊት የአንድ ሰዓት ምክር ቢያገኝ ኖሮ በቅድሚያ ወራሽነቱን አረጋግጦ ከእህቱ ጋር ይስማማ ነበር።

ጠበቃ መያዝ እጅግ የሚመከርባቸው ሁኔታዎች

1. ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ሲሆን። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው በእነዚህ ከተሞች ያለ ጉዳይ ከዚያ ሕግ ጋር ተገናዝቦ መታየት ይኖርበታል። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ቤቱ የግል ነው ለማለት አያበቃም። ተለያይተው የሚኖሩ ነገር ግን ፍቺያቸውና የንብረት ክፍፍላቸው በፍርድ ያልተቋጨ ባልና ሚስት በተለይ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል።

2. ቤቱ በውርስ የተገኘ ሲሆን። በፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የሁሉም ወራሾች ስምምነትና ስሙ ወደ ወራሾች የተዛወረ ካርታ ያስፈልጋል። ከወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚቱ ብቻውን ሊሸጥ ስለማይችል የፍርድ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

3. ሽያጩ በውክልና የሚፈጸም ሲሆን። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ የውክልና ሥልጣን ያስፈልጋል፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና በቂ አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ባለይዞታዎች ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሰጥተው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደሚቋረጥ መዘንጋት አይገባም።

4. ቤቱ በባንክ ዋስትና የተያዘ ወይም የታገደ ሲሆን። ዋስትናው ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። በተለይ ለባንኮች በወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ዕዳው ከሽያጩ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ሻጭ፣ ገዥና ባንኩ የሚስማሙበት ቅደም ተከተል በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

5. ይዞታው በሊዝ የተገኘና ግንባታው ያልተጠናቀቀ ሲሆን። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታ ሳይጀመር ወይም በግማሽ ሳይጠናቀቅ የሚደረግ የሊዝ መብት ዝውውርን ለብቻው በተለየ ሥርዓት አስቀምጧል፤ የሻጩም ጥቅም ውስን ነው። ጠበቃው አዋጁንና ከዚያ በኋላ የወጡ ሕጎችን አይቶ ዝውውሩ የሚፈቀድ ስለመሆኑ ይገልጻል።

6. ይዞታው ሰነድ አልባ ሲሆን ወይም ከአርሶ አደር በውል የተገዛ ሲሆን። የይዞታ ማረጋገጫ ሳይኖር መሸጥ ሻጩን ለፍትሐ ብሔር ተጠያቂነት ይዳርገዋል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ከቀረበ ወይም እውነታው ከተደበቀ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። በዚህ ሁኔታ የጠበቃው የመጀመሪያ ምክር «አሁን አይሽጡ» የሚል ሊሆን እንደሚችል ሻጩ ሊገነዘብ ይገባል።

7. ገዥው ዋጋውን በየጊዜው ወይም በቼክ የሚከፍል ሲሆን። ገንዘቡ ተከፍሎ ሳያልቅ ስመ ንብረቱ ከተዛወረ ሻጩ ቤቱንም ገንዘቡንም አጥቶ ወደ ክስ ሊሄድ ይችላል። ርክክቡና የስም ዝውውሩ ከክፍያው ጋር እንዴት እንደሚቆራኙ ውሉ በግልጽ ሊያስቀምጥ ይገባል።

በሦስቱ ከተሞች ልዩ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች

የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማን ሲያቋቁም ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሥሩ ተካተዋል። ካርታዎ ከዚያ በፊት በቀድሞው ማዘጋጃ ቤት የተሰጠ ከሆነ፣ ፋይልዎ አሁን በየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሚገኝና በማኅደሩ ያለው መረጃ በእጅዎ ካለው ካርታ ጋር አንድ መሆኑን ገዥ ከመፈለግዎ በፊት ያረጋግጡ። ቤትዎ ከአዲስ አበባ ጋር በሚዋሰን ሥፍራ የሚገኝ ከሆነም፣ በሁለቱ አስተዳደሮች መካከል በ2014 ዓ.ም. የወሰን ስምምነት የተደረገ በመሆኑ ይዞታዎን የሚያስተዳድረው የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ውሉንና የመሥሪያ ቤቱን ሰነዶች በሚገባ ማንበብ የማይችል ሻጭ በሚያምነው ሰው ሳያስተረጉም መፈረም የለበትም።

የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ክርክር የሚታየው ንብረቱ በሚገኝበት ሥፍራ ባለ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ የሚመርጡት ጠበቃ በኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤቶች ለመቆም የሚያስችል ፈቃድ ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ቢሮው አዲስ አበባ መሆኑ ችግር አይደለም፤ ዋናው ፈቃዱ የሚሸፍነው የፍርድ ቤት ዓይነት ነው።

ግብርና ትክክለኛው ዋጋ

የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ የ15 በመቶ ግብር ጥሏል። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ደግሞ በንብረት ባለቤትነት ማስረጃ ሰነድ ላይ 2 በመቶ ቀረጥ አስቀምጧል። ቤቱ ለመኖሪያነት ብቻ ያገለገለ ከሆነ ይህንኑ የሚያስረዳ ማስረጃ ይዘው በሚመለከተው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያስወስኑ። የግንባታና የእድሳት ደረሰኞችን ማስቀመጥም ወጪን ለማስረዳት ይጠቅማል። የትኛውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን በውሉ ይጻፍ።

ግብር ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ የሚጎዳው በዋናነት ሻጩን ነው። ገዥው ቀሪውን አልከፍልም ቢል ሻጩ በፍርድ ቤት የሚያስረዳበት ሰነድ በራሱ ፊርማ የተቀነሰውን ዋጋ የያዘው ውል ይሆናል።

ጠበቃ ላያስፈልግ የሚችልበት ሁኔታ

ካርታው በሻጩ ስም የሆነ፣ ተጋቢው በአካል ቀርቦ የሚፈርም ወይም ሻጩ ያላገባ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያለው፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የተገኘለት፣ ዋጋውም በውሉ ዕለት በባንክ ሙሉ በሙሉ የሚከፈል ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። በዚህ ጊዜ ውሉን ከመፈረም በፊት ለአንድ ጊዜ ብቻ በጠበቃ ማስነበብ በቂ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጠበቃ ሲሄዱ ይዘው የሚቀርቡት

• የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ
• የሊዝ ውልና የክፍያ ደረሰኞች፣ ወይም የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኞች
• የጋብቻ፣ የፍቺ ወይም ያላገባ ማስረጃ፤ እንደ አግባቡ የወራሽነት ማረጋገጫና ውክልና
• የብድር ውል ካለ ቅጂው፣ እንዲሁም ገዥው ወይም ደላላው ያቀረበው ረቂቅ ውል

የጠበቃውን የታደሰ ፈቃድ ማየት መብትዎ ነው። የአገልግሎቱ ዓይነትና ክፍያው በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ጠበቃ ለሻጭም ለገዥም በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ከመስማማት ይቆጠቡ። ዋናውን ካርታ ለማንም ከመስጠትዎ በፊት ቅጂ ያስቀሩና ርክክቡን በፊርማ ያድርጉ።

የመክፈል አቅም ለሌላቸው

ለጠበቃ የመክፈል አቅም የሌላቸው ባለጉዳዮች በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ወይም በአካባቢያቸው የሚገኘውን የፍትሕ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

ማሳሰቢያ

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ በመሆኑ በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ የሕግ ምክርን አይተካም። ሻጮች ገዥው ቢቻኮልም፣ ደላላው ቢጎተጉትም፣ ሰነዶቻቸውን ሳያጣሩ ቀብድ ከመቀበል እንዲታቀቡ በአክብሮት እናሳስባለን።