የዓባይ ልኬትና የምዕራብ ጐጃም ምንጮች

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለምዕራብ ጐጃም የተነገረ ይመስላል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚያልፉት ፈጣምና ብር የዓባይ ገባሮች ናቸው፤ ሰከላም የግሽ ዓባይ አገር ነው። ሆኖም በበጋ ውኃ ፍለጋ ሩቅ የሚሄድ የገጠር ሰው ጥቂት አይደለም። በዚህ አጭር ጥናት የአገራችን ውኃ እስከ ዛሬ በምን ሚዛን እንደ ተለካ፥ ሚዛኑም ምን እንዳስቀረ እንመረምራለን።

በመጀመሪያ የተፈለገው የወንዙ መነሻ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይን አይተው ጽፈዋል። ቀጥሎ ፍሰቱ የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፥ ያለ ስምምነት የዓባይንና የጣናን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተወሰነ። ከ1958 እስከ 1963 ደግሞ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ባለሙያዎች ተፋሰሱን አጠኑ። በ1964 የወጣው ዘገባቸው 33 የመስኖና የኤሌክትሪክ ሥራዎችን ሲያቀርብ፥ የላይኛውና የታችኛው ብር ከነዚሁ መካከል ነበሩ።

በ1989 የስዊድን ምሁር ማሊን ፋልከንማርክ ያቀረቡት መለኪያ ውኃውን ለሕዝቡ ቍጥር ያካፍላል። የአንድ ሰው የዓመት ድርሻ ከ1,700 ሜትር ኩብ ሲያንስ ጫና፥ ከ1,000 ሲያንስ እጥረት ይባላል። የኢትዮጵያ የዓመት ውኃ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ሕዝቡ 42 ሚሊዮን ገደማ በነበረበት በ1984ቱ ቈጠራ ድርሻው ወደ 2,900 ይደርስ ነበር፤ ሕዝቡ ከ120 ሚሊዮን በላይ በሆነበት በዛሬው ጊዜ ግን 1,000 አካባቢ ደርሷል።

ይህ ስሌት ጠቃሚ ቢሆንም የነሐሴን ጐርፍና የሚያዝያን ጭላጭ አንድ ላይ ይደምራል፤ ለቡሬና ለኦጋዴንም አንድ ቍጥር ይሰጣል። ይህን ጉድለት ለማረም በ2002 የወጣው የውኃ ድህነት መለኪያ ከውኃው ብዛት ሌላ አቅርቦትን፥ አቅምን፥ አጠቃቀምንና አካባቢን ጨመረ፤ በ147 አገሮች ንጽጽርም ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኘች። ስለዚህ ውኃ መኖሩና ውኃ ማግኘት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን እንረዳለን። የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶችም ደርሶ መልሱንና ተራ መጠበቁን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ የማያልፍ መንገድን መለኪያ አድርገዋል።

ከዚህ በመነሣት የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ የወንዞቹ መዝገብ እንዳለ ሆኖ፥ በየቀበሌው የምንጩ ፍሰት በመጋቢትና በሚያዝያ፥ የቀጂዋ የመንገድ ጊዜ፥ የውኃው ንጽሕናም ይመዝገብ። በቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ተሠርቷል፤ ከተሞቹም እየሰፉ ናቸው። የፋብሪካውና የገበሬው ድርሻ ለክርክር ሲቀርብ፥ ያልተለካ ምንጭ ጠበቃ የለውም።