ማኅደሩን መለወጥ፥ መሣሪያውን ማቆየት

(በራዲዮ ከተነገረው)



የሰው ልጅ አሳቡን በጽሑፍ ማኖር ከጀመረ ወዲህ፥ ጽሑፍ ለተከታዩ ትውልድ ሊደርስ የቻለው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው የተጻፈበት ነገር ጽኑ በመሆኑ፥ ሁለተኛውም አሮጌው ሳይጠፋ በአዲስ በመገልበጡ ነው። በተለምዶ ሃርድ ዲስክ የሚባለው የኮምፒዩተር ማኅደርም ታሪኩ ከዚሁ አይለይም። የዛሬው ንግግራችን ይህ ማኅደር እንዴት እያነሰ እንደ መጣና ባለቤቱ ራሱ ሊለውጠው እንዴት እንደ ቻለ ያስረዳል። የሚጠቀሱት ዘመናት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማ ያሠራውን የመጀመሪያውን የዲስክ ማኅደር ያስታወቀው በመስከረም ወር 1956 ዓ.ም. ነው። የሥራው መሪ ሬይኖልድ ጆንሰን ቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ማኅደሩ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚሽከረከሩበት ሲሆን፥ ክብደቱ አንድ ቶን ያህል ነበር። የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነው፤ በዛሬው ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ቦታ ሊወስድ ይችላል። ሆኖም ጥቅሙ ታላቅ ነበር፤ ይኸውም እንደ ጥቅል ቴፕ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይገላበጥ፥ የተፈለገውን መዝገብ በቀጥታ ለማግኘት ማስቻሉ ነው። መሥሪያ ቤቶች መላውን መሣሪያ በወር 3,200 ዶላር ይከራዩት ስለ ነበር፥ ክፍሉን ራሳቸው የመለወጥ አሳብ ሊኖራቸው አይችልም ነበር።

ከዚህ በኋላ መጠኑ በፍጥነት አነሰ። በ1980 ዓ.ም. ሲጌት የተባለው ኩባንያ ለግል ኮምፒዩተር የሚስማማ ባለ 5 ነጥብ 25 ኢንች ዲስክ አወጣ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬሪቴክ የተባለ ኩባንያ ባለ 2 ነጥብ 5 ኢንች ዲስክ ሠራ፤ ይህም መጠን በላፕቶፕ የተለመደው ሆነ። ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች በስፋቱ፥ በብሎኖቹ ስፍራና በመሰኪያው ስለ ተስማሙ፥ ባለቤቱ ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ የአንዱን ፋብሪካ ዲስክ በሌላው ለመተካት ቻለ።

በጃፓን አገር የቶሺባ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ናንድ የተባለውን የፍላሽ ማኅደር በ1987 ዓ.ም. አስታወቁ። ይህ ማኅደር የሚሽከረከር አካል የለውም፤ የሚጻፈው በቺፕ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኀይል ነው። በአሮጌው ዲስክ ማንበቢያው ክንድ ተንቀሳቅሶ የዲስኩን መዞር መጠበቅ ግድ ሲሆን፥ በፍላሽ ይህ መጠባበቅ የለም። ስለዚህ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዐይነት በተስፋፋ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች አርጅቷል ብለው ሊጥሉት ያሰቡት ላፕቶፕ ማኅደሩ ብቻ ሲለወጥ በአዲስ ፍጥነት ሲሠራ አገኙት።

ይህ መብት ግን እየጠበበ መጥቷል። አፕል በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ባለ 12 ኢንች ማክቡክ፥ ማኅደሩ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚገዛ ሰው ለብዙ ዓመታት የሚያስፈልገውን ስፋት በግዢው ዕለት መወሰን አለበት፤ ሰሌዳው ሲበላሽም ጽሑፉ አብሮ ለመጥፋት ይቃረባል። ስለዚህ በተለይ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ግዢ ኀላፊነት ያለባቸው ሰዎች፥ ማኅደሩ የሚነቀል መሆኑን ከዋጋው ጋራ አብረው መመርመር ይገባቸዋል።

ማኅደር የሚለውጥ ሰውም ሁለት ነገሮችን አይዘንጋ። አንደኛ፥ አሮጌውን ከመንቀሉ በፊት ግልባጩን አዘጋጅቶ፥ ተከፍቶ የሚነበብ መሆኑን ያረጋግጥ። ሁለተኛ፥ ጽሑፍን በተለመደው መንገድ መሰረዝ ጽሑፉን ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ስለሆነም የሕዝብ ጉዳይ የተጻፈበት አሮጌ ማኅደር በሚገባ ሳይደመሰስ ወደ ገበያ ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ እንዳይሄድ መጠበቅ፥ የመዝገቡን ሣጥን እንደ መቈለፍ ያህል የሥራ ግዴታ ነው።