የባኛያው ካርዲናል ያትክልት ቦታ

በኢጣልያ አገር የበጋው ሙቀት የሚብሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያገራችን ሰው በዝናምና በጭቃ ምክንያት ከቤቱ በሚከተትበት ሰሞን የሮማ ሰማይ እንደ ምጣድ ይግላል። በቀድሞ ዘመን ግን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስፈራው በከተማው ዙሪያ ካለው ረግረግ የሚነሣው ንዳድ ነበረ። ኢጣልያኖች በሽታውን «ማላርያ» ብለው የሰየሙት ክፉ አየር ያመጣው መስሏቸው ነው፤ የትንኝ ሥራ መሆኑ የተገለጠው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ፥ ይልቁንም ካርዲናሎቹ፥ ያገራችን ባላገር ቆላውን ለወባ ትቶ ወደ ደጋ እንደሚወጣ በየዓመቱ ወደ ኮረብታው አገር ይወጡ ነበር።

በሮማ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት ኢትዮጵያዊው መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮንም ያረፉት ከነዚሁ የኮረብታ ከተሞች በአንዲቱ፥ በቲቮሊ፥ በ1550 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በዚያው ዓመት ካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ የቲቮሊ ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ ኋላም ስሙ በዓለም የተሰማውን ታላቁን ያትክልት ቦታ አሠራ።

ዛሬም በበጋ ዕረፍት ከሮማ የሚወጣው እንግዳ የሚጐርፈው ወደዚያው ወደ ቲቮሊ ነው። ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቪቴርቦ አውራጃ ወዳሉት አትክልቶች የሚዘልቀው ጥቂት ነው። ከነዚህ አንዱ የካፕራሮላ ነው። ይህን ካርዲናል አሌሳንድሮ ፋርኔዜ ለምሽግ በተጣለ አሮጌ መሠረት ላይ ቪኞላ በሚባለው ሊቅ እጅ አሠራው፤ አምስት ማዕዘን ያለው ቤተ መንግሥት ስለ ሆነ መንደሩ በፊቱ እንደ ሎሌ ቆሞ ይታያል። አትክልቱ ከቤቱ በስተ ኋላ፥ በዱሩ ውስጥ ሽቅብ ተሂዶ ይገኛል። ሁለተኛው በቦማርዞ ወታደሩ ቪቺኖ ኦርሲኒ ያሠራው ነው፤ እርሱ አበባ መትከሉን ትቶ በዱሩ የበቀለውን ቋጥኝ ዝሆንና ዘንዶ አድርጎ አስቀረጸው። አፉን የከፈተ አንድ አስፈሪ ፊትም አለ፤ ሰው ገብቶ ቢመለከት በጕሮሮው ውስጥ የድንጋይ ገበታ ያገኛል። ይህም ቦታ ብዙ ዘመን ተረስቶ ዳዋ በልቶት ኖረ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ባኛያ ነው። ባኛያ ከቪቴርቦ በስተ ምሥራቅ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ትንሽ መንደር ስትሆን ከጥንት ጀምሮ የቪቴርቦ ጳጳሳት የበጋ ማረፊያ ነበረች። በ1566 ጆቫን ፍራንቼስኮ ጋምባራ የሚባል የብሬሻ ሰው፥ በ1561 ካርዲናልነት የተሾመ፥ የቪቴርቦን መንበር ያዘ፤ በ1568ም ግድም ሥራውን ጀመረ። ንድፉ የዚያው የቪኞላ ነው ተብሎ ይታመናል። የውኃውን ጥበብ ያበጀው ቶማሶ ጊኑቺ የሚባል የሲየና ሰው ነው፤ ፈረንሳዊው ሞንቴኝ በ1581 ባኛያን ባየ ጊዜ የዚህን ሰው ብልሃት አድንቆ ጽፏል።

በሌላ ስፍራ ቤቱ በመካከል ይቆማል፤ አትክልቱም እንደ ቀሚስ ዘርፍ በዙሪያው ይዘረጋል። በባኛያ ግን መካከለኛውን ስፍራ ለውኃው ለቀውለት ቤቱን በሁለት ከፍለው፥ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ትናንሽ ቤቶች አድርገው፥ ከግራና ከቀኝ አቆሙት። ውኃው ከላይ፥ ሐረግና ሽበት ከለበሰ ዋሻ፥ «የጥፋት ውኃ» ከሚባለው ምንጭ ይነሣል። ይህ የጥፋት ውኃ ካህናት እንደሚያስቡት የኖኅ ሳይሆን ባለቅኔው ኦቪድ የተረከው ነው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ካርዲናል ባሠራው አትክልት ይህ መሆኑ የዚያን ዘመን ጠባይ ያሳያል። ከዚያ ውኃው በድንጋይ በተቀረጸ የረጅም ሸርጣን ጀርባ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ በኢጣልያንኛ «ጋምቤሮ» የወንዝ ሸርጣን ነውና ካርዲናሉ ስሙን በምልክት መጻፉ ነው። ዝቅ ሲል ቲቤርና አርኖ የሚባሉት ወንዞች በሁለት ግዙፍ ሽማግሌዎች አምሳል ጋደም ብለው ይቀበሉታል። ቀጥሎ ረጅም የድንጋይ ገበታ አለ፤ ውኃው በመካከሉ በተፈለፈለው ቦይ ያልፋል፤ ወይኑ የሚቀዘቅዘው በዚያ ነበር። ታናሹ ፕሊኒም በቶስካና ስለ ነበረው ቤቱ ሲጽፍ ሳሕኖች እንደ ታንኳ በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፉበት ግብር ይናገራል፤ ጋምባራ ይህነን ሳያነብ አልቀረም። በመጨረሻም ውኃው ከሁለቱ ቤቶች በታች፥ በተከረከመ ቍጥቋጦ በተከፋፈለ ሜዳ፥ የድንጋይ ጀልባዎች በቆሙባቸው አራት ኵሬዎች ይተኛል።

ይህ ሁሉ በነጻ አልተሠራም። በ1578 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጎርጎርዮስ 13ኛ ካፕራሮላንና ባኛያን በጐበኘ ጊዜ የወጪውን ብዛት አይቶ፥ ለጋምባራ እንደ ድኻ ካርዲናል ይሰጠው የነበረውን አበል አስቀረበት እየተባለ ይተረካል። የሚላኖ ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዮም ሲያልፍ ይህን ገንዘብ ለመነኰሳይያት ገዳም ማሠሪያ ብታደርገው በተሻለ ነበር ብሎ ገሠጸው ይባላል። ተግሣጹ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ቢሆን ቅናት ነው በተባለ ነበር። ነገር ግን ቦሮሜዮ በ1576 ሚላኖን ቸነፈር በመታት ጊዜ መሳፍንቱ ሲሸሹ ከድኾች ጋራ የቀረ፥ የራሱን ገንዘብ ለእነርሱ ያወጣ ሰው ነበረ። ጋምባራም እምነት በሚመረመርበት ሸንጎ የሌላውን ሰው ስሕተት ሲመረምር የኖረ ዳኛ ነውና፥ በሕሊናው ምን እንደ ተሰማው መገመት አያስቸግርም። ከተግሣጹም ይሁን ከገንዘብ ማነስ፥ በ1587 ሲሞት ከመንታዎቹ ቤቶች የቆመው አንዱ ብቻ ነበረ።

ሁለተኛውን የፈጸመው ከእርሱ በኋላ የመጣው የሲክስቶስ 5ኛ ዘመድ፥ ወጣቱ ካርዲናል ሞንታልቶ ነው፤ በታችኛው ሜዳ መካከልም አራት ሰዎች የቤተ ሰቡን ምልክት፥ ተራሮቹንና ኮከቡን፥ ከፍ አድርገው የያዙበትን ምንጭ አቆመ። በ1656 ቦታው ለላንቴ ወገን ተሰጠና እስከ ዛሬ «ቪላ ላንቴ» ይባላል፤ ያሠራው ሰው ስም በድንጋዩ ሸርጣን ብቻ ቀረ። በ1944 በጦርነቱ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ተጐድቶ እንደ ገና ታደሰ፤ አሁን የመንግሥት ንብረት ነው።

በጋምባራ ቤት ሰገነት ግድግዳ ላይ በእርሱ ዘመን የተሣሉ የአትክልት ሥዕሎች አሉ፤ ቲቮሊና ካፕራሮላ አሉበት፥ ባኛያም ራሷ አለችበት። በባኛያው ሥዕል ሁለቱም ቤቶች ተጠናቀው፥ እኩል ሆነው ቆመዋል። በነሐሴ ፀሐይ ሽሽት ወደዚያ ጥላ የገባ እንግዳ ሥዕሉን አይቶ ፊቱን ወደ ውጭ ቢመልስ እውነተኛውን ሁለተኛ ቤት ከምንጩ ማዶ ያየዋል፤ የተሣለው ከተሠራው በዕድሜ ይበልጣል።