የምባሬ አያቶች

ዛሬ የማወጋችሁ ምባሬ ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው። ምባሬ በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ያለ የድሮ ሰፈር ነው፤ ገበያው የደራ፣ መናኸሪያው ሲጮህ የሚውል፣ ሰው በሰው ላይ ተጨናንቆ የሚኖርበት።

እ.ኤ.አ. በ2005 የአገሪቱ መንግሥት ከተማ አጸዳለሁ ብሎ ተነሣና የድሃውን ጎጆና ሱቅ በዶዘር ጠረገው። የተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛ አይታ ስትጽፍ፣ 700,000 ያህል ሰው ወይ መጠለያውን፣ ወይ የዕለት እንጀራውን፣ ወይ ሁለቱንም አጥቷል አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም አታጡትም። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ልጆች በየዘመዱ ይበተናሉ፣ እናት ሌሊቱን ስታስብ ታድራለች።

በዚያ ዘመን ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበረ። በመላው አገሪቱ የእሱ ሙያ ያላቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንዲት ወጣት በድባቴ ታማ ያክማት ነበር፤ ተሻላት ሲባል ራሷን አጠፋች። በቀጠሮዋ ቀን ለምን እንዳልመጣች እናቷን ቢጠይቅ፣ ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር አጥተው ነው። ይህን ታሪክ ቺባንዳ ዛሬም በየመድረኩ ይናገረዋል። እኔም ባነበብኩት ቁጥር እዚያ ዐረፍተ ነገር ላይ እቆማለሁ። ሐኪም ነበረ፣ ሕክምናው ነበረ፤ የጠፋው መሣፈሪያ ነው።

ቺባንዳ ሕክምናው ወደ ሰፈር ይውረድ ብሎ ተነሣ። ነርስ ስጡኝ ቢል ነርሶቹ በኤች አይ ቪና በወሊድ ሥራ ተይዘዋል። ክፍል ስጡኝ ቢል ክፍል የለም። የተሰጠው 14 በጎ ፈቃደኛ ሴት አያቶችና የምባሬ ጤና ጣቢያ ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረገና ሥራው ተጀመረ። ሐኪሙ ወንበሩን «የአእምሮ ጤና ወንበር» ሊለው ነበር። አያቶቹ ግን በዚህ ስም ሰው አይቀመጥበትም አሉት፤ የወዳጅነት ወንበር ተባለ። መንደሩን ማን ያውቀዋል፣ እነሱ ካላወቁት!

አሁን እንግዲህ ሥራቸውን ላሳያችሁ። አንዲት ሴት መጣች እንበል። የማንንም ምስጢር አላወጣም፤ ግን እዚያ ሰው ይዞት የሚመጣው መከራ ይህን ይመስላል። ባሏ ሌላ ሴት ጋ ያመሻል። የቤት ኪራይ ተጠራቅሞባታል። ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ ካወቀች ቆይታለች፤ ለማንም አልተነፈሰችም።

አያቲቱ 14 ጥያቄዎች ይዛለች፤ በአገሩ ሰው አነጋገር የተዘጋጁ። ባለፈው ሳምንት ሐሳብ በዝቶብሻል ወይ? እንቅልፍ አጥተሻል ወይ? ሳታስቢው ያስለቅስሽ ነበር ወይ? ራስን ስለ ማጥፋትም በግልጽ ትጠይቃለች፤ አደጋው የከበደ ከሆነ ሴትየዋ ወደ ነርስና ወደ ሐኪም ትተላለፋለች። ከዚያ «በይ ንገሪኝ ልጄ» ነው። ሴትየዋ ታወራለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግማ ታወራለች። ያወራችው ሁሉ ይዘረዘርና ጥያቄው ይመጣል፦ ከዚህ ሁሉ የቱን እናስቀድም?

ልብ በሉ፣ የምትመርጠው ሴትየዋ ናት። አያቲቱ ፍቺው አትልም፣ ቻዪውም አትልም። እኛ አገር ሽማግሌ ሲገባ ጥፋተኛው ተለይቶ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ እርቅ ይወርዳል፤ ታላቅ ነገር ነው፣ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ የኖረች ሴት እዚያ ጉባኤ ላይ አፏን አትከፍትም። እዚህ ወንበር ላይ ዳኛም ከሳሽም የለም። ሴትየዋ ምስጢሯን መጀመሪያ ለታላቅ እህቷ ልንገራት ትላለች። መቼ? እሑድ። ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ? ይህንን አብረው ያወጡታል። በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ የሆነውን ትናገራለች፤ አልሆነም እንደሆን ሌላ መንገድ ይፈለጋል። እንዲህ እያለ እስከ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። በኋላ ደግሞ እንደሷው ከወንበሩ ከተነሡ ሴቶች ጋር ተሰብስባ ቦርሳ እየሠራች ታወጋለች። ኪራዩ እንዳለ ነው፣ ባሏም ያው ነው፤ እሷ ግን አንዱን ነገር ጀምራ ጨርሳለች፤ ቀጣዩን መያዝ የምትችለው በዚህ ጉልበት ነው።

ይሠራል ወይ ላላችሁኝ፣ በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ላይ ተፈትኗል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት ግማሽ ያህሉ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው፤ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን 14 በመቶ ብቻ። ወንበሩ ወደ ማላዊ፣ ወደ ዛንዚባር፣ ኒው ዮርክ ድረስ ተሻግሯል።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። በዚያ ጥናት ከተሳተፉት ከመቶ ሰማንያ ስድስቱ ሴቶች ነበሩ። ሚስት ስድስት ሳምንት ተመላልሳ ራሷን ስታነሣ፣ ሥራ የፈታው፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ብስጭቱን ወደ ቤት ይዞ የሚገባው ባል አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የለም። ሕመሙ ግን የሁለቱም ነው። ለእሱ ማን ምን ዓይነት ወንበር እንደሚያዘጋጅለት፣ ማንስ እንደሚቀመጥለት፣ ከአያቶቹ ጋር የሚሠሩ ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል፤ እኛም ጭምር።