የሸክላ ፍለጋ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ

በሀገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የሸክላው ዘመን እጅግ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት የወጡት ትናንሽ ሸክላዎች ወደ 500፣ ትላልቆቹ ደግሞ ወደ 30 እንደሚደርሱ ይገመታል። ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም የዚያ ትውልድ ድምፅ በአብዛኛው ተቀርጾ የቀረው በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህም አሮጌ ሸክላ የሚፈልግ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የታሪክ ምንጭ ያድናል።

ለመሆኑ ቁጥሩ ስለ ምን አነሰ? እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በሌሎች የመንግሥት ኦርኬስትራዎች የጎለመሰው ሙዚቃ ወደ ሸክላ የሚሸጋገርበት መንገድ ጠባብ ሆኖ ቆየ። በ1969 ግን ያኔ የ24 ዓመት ወጣት የነበሩት አቶ ዓምሃ እሸቴ ድንጋጌውን ተዳፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተሙ። ሕትመቱ የተከናወነው መጀመሪያ በሕንድ፣ ቀጥሎም በሊባኖስ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽና 12 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች አወጡ። አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋም በዚያው ሥራ ተሰማሩ።

በእነዚያ ዓመታት ከባድ ሮክ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ አልፎ ወደ አፍሪካም ዘልቆ ነበር። የዛምቢያው ዊች ቡድን ሸክላዎች ዛሬ በብርቱ ከሚፈለጉት መካከል ናቸው። የእኛዎቹ ሙዚቀኞች የሮኩን የኤሌክትሪክ ጊታርና የ«ዋዋ» ድምፅ፣ ከኦርጋንና ከሳክስፎን ጋር፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ላይ አዋሉት። በ1974 «የካቲት» የተሰኘውን ሸክላ ያወጡት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለዱት በጅማ ነው። ጅማ ደግሞ ለረጅም ዘመን ቦንጋንም ያጠቃልል የነበረው የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በ1977 ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በካይፋ ያሳተሙት «ቼ በለው» የመጀመሪያ ሕትመቱ እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ በ2014 በውጭ ሀገር እንደገና እስኪታተም ድረስ ለብዙዎች በስም ብቻ የሚታወቅ ሆኖ ቆየ።

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽቱን የሙዚቃ ሕይወት አዳከመው። አቶ ዓምሃም በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ለመቅዳት የሚቀልለው ካሴት ሲስፋፋ ሸክላው ከሱቅ ወጥቶ ወደ ሣጥን ገባ። የውጭ ሰዎች ትኩረት ወደዚህ ሣጥን የዞረው ዘግይቶ ነው። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ጥረት የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በብራሰልስ ታተመ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሕትመት ይህን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ጥቅሙ የማይካድ ነው። ነገር ግን ዝናው የሸክላውን ዋጋ ከፍ ባደረገ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሕትመቶች ወደ ባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች የመጓዛቸው ዕድልም ከፍ ይላል። አንድ ሸክላ ያለ ቅጂ ሲሄድ በመሐሉ ከተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ያለው የዘፋኝ፣ የባንድና የአሳታሚ ስም አብሮት ይሄዳል።

እንግዲህ ፍለጋው በመዲናይቱ ብቻ ሊወሰን አይገባም። ቦንጋና አካባቢዋ የቡና ምድር፣ ከንግዱም ጋር ከሩቅ ከተሞች የተሳሰሩ ናቸው። ከቡና ገንዘብ ተገዝቶ በየቤቱ የተቀመጠ ሸክላ ካለ የካፋ ዝናብና እርጥበት አይምረውም፤ ልባሱን ሻጋታ ይበላዋል። ያገኘ ሰው ሸክላውን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቆ አቁሞ ያስቀምጠው፤ ከመሸጡም በፊት ያስቀዳው፤ ማን እንደገዛውና የት ይዘፈን እንደነበረ ሽማግሌዎችን ጠይቆ ይጻፍ። ጠያቂው እግረ መንገዱን በካፊ ኖኖ የሚዘፍኑትን አዛውንትም ቢቀርጽ ሥራው ይሞላል፤ ሸክላው በዋነኛነት የመዘገበው የመዲናይቱን ድምፅ ነውና።

ቦንጋ ለቡናዋ ሙዚየም ያቆመች ከተማ ናት። ለድምፅ ቅርስም አንዲት መደርደሪያ አትነፍግም።